ሩጫና ጌም በአንድ ቤት፦ ከደሴ የተጻፈ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

መስከረም፣ ሁለተኛው ሳምንት

የቪዲዮ ጌም እወዳለሁ፤ ልተወውም አልፈልግም። ከዘንድሮ እንቁጣጣሽ ወዲህ ደግሞ ሩጫ ጀምሬአለሁ። ሁለቱ በአንድ ሰው ውሎ ውስጥ ሳይገፋፉ መኖር ይችሉ እንደሆነ እየሠራሁ ልፈትሽ ነው። ይህ ማስታወሻ የዚያ ፍተሻ መዝገብ ነው፤ የሞከርኩትን፣ ያስቀረሁትንና የለወጥኩትን በየጊዜው አሰፍርበታለሁ።

መነሻው ይህ ነው። የምኖረው ደሴ፣ የምሠራው ኮምቦልቻ በአንድ ፋብሪካ ሒሳብ ክፍል ነው። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም ሐረጎን መውረድና መልሶ መውጣት ስላለ ከርቀቱ በላይ ጊዜ ይወስዳል። ቢሮ ውስጥ ቁጭ፣ ሚኒባስ ውስጥ ቁጭ፣ ቤት ገብቼ ጌም ስከፍት ደግሞ ቁጭ። ሰው ሁሉ ጣቱን የሚቀስረው ጌሙ ላይ ነው። ውሎዬን ወረቀት ላይ ከፋፍዬ ስመለከተው ግን ከመቀመጫዬ ሰዓት አብዛኛውን የሚወስደው ሥራና መንገድ ነው። ጌም ቢቀር መቀመጡ አይቀርም። ስለዚህ ጌሙን ከማባረር ይልቅ ለእግሬ ጊዜ መፈለግ ይሻላል ብዬ ተነሣሁ።

የምጫወታቸው በዋናነት ሁለት ናቸው። አንዱ የእግር ኳስ ጌም ነው። ከ2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ ስሙ ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ ተብሏል፤ እኛ ሰፈር ባሉት የፕሌይስቴሽን ቤቶች ግን ዛሬም ፊፋ ነው፤ እኔም ፊፋ እለዋለሁ። ሁለተኛው ሲቪላይዜሽን 6 ነው። ለማያውቀው ሰው፣ አንድን ሕዝብ ከጥንት ዘመን እስከ ዛሬ የሚመሩበት፣ በተራ በተራ የሚጫወቱት የስልት ጨዋታ ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ ዳግማዊ ምኒልክን መሪዋ አድርጋ ገብታበታለች። ልዩ ግንባታዋ ከአለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ከተራራና ከኮረብታ አጠገብ ሲሠራ የሚሰጠው ይበዛል። የምኒልክ ወታደሮችም ኮረብታ ላይ ሲቆሙ ይበረታሉ። ላሊበላ የአገሩ የሆነ፣ ውጫሌን በአውቶቡስ መስኮት እያየ ያደገ የወሎ ልጅ ይህን ጨዋታ እንዴት አይወድም? ስለ ታሪክ ብዙ መጽሐፍ ያነበብኩት ይህ ጨዋታ ጥያቄ ስላጫረብኝ ነው። ጌም ማለት ጊዜ ማባከን ብቻ ለሚመስለው አንባቢ ይህን አስቀድሜ መናገር ፈለግኩ።

መስከረም፣ የመጨረሻው ሳምንት

ደሴ ላይ ሩጫ የሚጀምር ሰው መጀመሪያ የሚገጥመው ጥያቄ «የት?» የሚለው ነው። ከተማችን ጦሳ ተራራ ሥር የተቀመጠች ናት፤ ከበሩ የወጣ ሰው ወይ ይወጣል ወይ ይወርዳል። ከፍታዋም ወደ 2,500 ሜትር ይጠጋል። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ስለሆነ፣ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን በዚያው ልክ ያንሳል። እዚሁ ተወልደን ያደግን ሰዎች ስንራመድ አይታወቀንም። ዳገት ላይ ሶምሶማ ስንጀምር ግን ለዓመታት ወንበር የለመደ ደረት ያለበትን ከፍታ ይናገራል።

የያዝኩት መርሐ ግብር ሩጫንና እርምጃን የሚቀላቅለው ነው። ጆሽ ክላርክ የተባለ ሰው በ1996 እ.ኤ.አ. ለጀማሪዎች ያዘጋጀው የ9 ሳምንት እቅድ ሲሆን፣ አንድም ቀን ሮጦ የማያውቅን ሰው 5 ኪሎ ሜትር ለማስሮጥ የታሰበ ነው። የመጀመሪያው ሳምንት አምስት ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ ለማሟሟቂያ፣ ከዚያ 60 ሰከንድ ሶምሶማ፣ 90 ሰከንድ እርምጃ እየተፈራረቀ 20 ደቂቃ ይሄዳል፤ በሳምንት ሦስት ቀን። እኔ የእቅዱን እያንዳንዱን ሳምንት በሁለት ሳምንት ለመጨረስ ነው የተነሣሁት፤ ምክንያቱም ዳገቱና ከፍታው እቅዱ ሲወጣ የታሰቡ አይደሉም።

ስለ ፍጥነት አንድ ሕግ ብቻ አለኝ፦ እየሮጡ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር መቻል። ይህ በመላው ዓለም አሠልጣኞች የሚጠቀሙበት መለኪያ ነው። እኔ የምለካው ግን በጎረቤታችን በሐጂ ነው። ከሱብሒ ሶላት ሲመለሱ መንገድ ላይ እንገናኛለን። የወሎ ሰላምታ እንደሚታወቀው አጭር አይደለም።

«እንዴት አደሩ ሐጂ?»

«አልሐምዱሊላህ! አንተስ እንዴት አደርክ? እናትህ ደኅና ናት? እህትህስ? ልጁስ? ሥራስ እንዴት ነው?»

አጠገባቸው ባለሁበት ቦታ እየረገጥኩ ለእያንዳንዱ ጥያቄ ሳላለከልክ መልስ መስጠት ከቻልኩ ፍጥነቴ ልክ ነው። ካቃተኝ ፈጥኛለሁ፤ እርምጃ ውስጥ እገባለሁ። እሳቸውም ሁልጊዜ የሚያሰናብቱኝ በአንድ ቃል ነው፦ «አብሽር!»

ጥቅምት፣ አጋማሹ

ሩጫና ጌምን ስለማስታረቅ ሲነሣ ከሁሉ በፊት የሚመከረው የልውውጥ ዘዴ ነው፤ ሮጠህ የጌም ሰዓትህን ግዛ ይላል። የሒሳብ ሰው ስለሆንኩ ይህን በሚገባ ልሞክረው ፈለግኩ። የሁለት ዓምድ መዝገብ ከፈትኩ። በገቢ በኩል የሩጫ ደቂቃ፣ በወጪ በኩል የጌም ደቂቃ፤ አንድ ደቂቃ ሩጫ ሁለት ደቂቃ ጌም ይገዛል። በየምሽቱ ሚዛኑን አወጣለሁ።

መዝገቡ በቁጥር ደረጃ ሠርቷል። ሩጫ አልቀረም፣ ጌምም አልተረፈረፈም። ሌላ ነገር ግን መጣ። ጠዋት ስሮጥ ጉሙ ከጦሳ ላይ ሲነሣ ማየቴን ትቼ ሰዓቴን ብቻ ማየት ያዝኩ። ለቅዳሜ ምሽት የሚሆን ደቂቃ ለማጠራቀም ከእቅዱ በላይ መሮጥ አማረኝ፤ ይህ ደግሞ ለጀማሪ እግር አደገኛ ነው። ማታ ስጫወትም ኳሱን እያየሁ ሳይሆን ቀሪ ሒሳቤን እያሰብኩ ነበር። ሁለቱም የሚወደድ ነገራቸውን አጡ።

ይህ እንዲሁ የእኔ ስሜት ብቻ አይደለም። ማርክ ሌፐር፣ ዴቪድ ግሪንና ሪቻርድ ኒስቤት የተባሉ ተመራማሪዎች በ1973 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ ሥዕል መሣል የሚወዱ የመዋዕለ ሕፃናት ልጆችን ከፋፍለው ለአንዳንዶቹ ከሣሉ ሽልማት እንደሚሰጧቸው ቃል ገቡላቸው። በኋላ በነጻ ሰዓታቸው፣ ሽልማት አስበው የሣሉት ልጆች ያለ ሽልማት ከሣሉት ይልቅ ቀለሙን የሚያነሡበት ጊዜ አነሰ። ሽልማቱ ፍቅሩን ወደ ሥራ ለወጠው ማለት ነው። እኔ ደግሞ ሩጫን ገና መውደድ የጀመርኩ ሰው ነኝ፤ ገና ያልበረታ ፍቅር ላይ የዋጋ ተመን መለጠፍ አልፈልግም። መዝገቡን ዘግቼዋለሁ።

ለሌላ ሰው ይሠራ ይሆናል። በተለይ መሮጥን ጨርሶ የማይወድ፣ በሐኪም ትእዛዝ ብቻ የሚሮጥ ሰው ሊጠቀምበት ይችላል። ሁለቱንም ለሚወድ ሰው ግን አልመክረውም።

ጥቅምት፣ መጨረሻው

አዲሱ አሠራር የተለየ ነው። ሩጫ የጠዋት፣ ጌም የማታ። አንዱ ለሌላው አይከፍልም፤ ጠዋት ባልሮጥም ማታ እጫወታለሁ፣ ማታ ባልጫወትም ጠዋት እሮጣለሁ። የሚለያቸው ሰዓትና ቦታ ብቻ ነው።

ለዚህ ቤቱን ማስተካከል አስፈለገ። ቴሌቪዥኑ፣ ኮምፒውተሩና ፕሌይስቴሽኑ መኝታ ቤቴ ውስጥ ነበሩ። የእህቴ ልጅ ገመዶቹን እየጠቀለለ፣ እኔ ጠረጴዛውን እየተሸከምኩ ሁሉንም ወደ ሳሎን አወጣናቸው። እነርሱ በነበሩበት ጥግ የመሮጫ ጫማዬን፣ ቱታዬንና ሹራቤን ማታውኑ አስቀምጣለሁ። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ለውጡ ግን ካደረግኩት ሁሉ ትልቁ ነው። ስነቃ መጀመሪያ የማየው ጫማ ነው። ማታም ጨዋታ የሚያልቀው ከቤተሰብ ፊት ተነሥቼ ስሄድ ስለሆነ፣ አልጋ ውስጥ ሆኖ እስከ እኩለ ሌሊት መቀጠል የለም።

ቀጥሎ ጌሞቹን በባሕሪያቸው ለየኋቸው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ስለ ጌም የሚመክሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ ይህን ልዩነት አያዩትም። «በቀን አንድ ሰዓት ብቻ» ሲሉ ሁሉም ጌም አንድ ዓይነት እየመሰላቸው ነው። የእግር ኳስ ጨዋታ የራሱ ማለቂያ አለው። እያንዳንዱን አጋማሽ ስድስት ደቂቃ ካደረጉት፣ ከመቀያየሩ ጋር ሩብ ሰዓት ገደማ ነው፤ ዳኛው ሲነፋ አለቀ። በኢንተርኔት ከሌሎች ጋር የሚጫወቱት ሲሆን ግን መሐል ላይ ማቆም አይቻልም፤ እናትህ ብትጠራህ ወይ ጓደኞችህን ታስቀይማለህ ወይ እናትህን። ሲቪላይዜሽን ደግሞ በፈለጉት ሰከንድ አስቀምጠው የሚነሡበት ሆኖ ሳለ በአንድ ምሽት የሚደረስበት ማለቂያ የለውም። ወዳጆቹ በየአገሩ የሚያውቁት አባባል «አንድ ተራ ብቻ» የሚል ነው። የሚቀጥለው ተራ ላይ ግንባታው ያልቃል፣ ከዚያ በሚቀጥለው መርከቡ ይደርሳል፣ እንዲህ እያለ ይነጋል።

ስለዚህ የሥራ ቀን ምሽት የፊፋ ነው፤ ሁለት ጨዋታ ከእህቴ ልጅ ጋር። ሲቪላይዜሽን የዐርብና የቅዳሜ ማታ ነው። መብራት ቢሄድ የተገነባው ሁሉ እንዳይጠፋ በየተራው ራሱ እንዲያስቀምጥ አስተካክዬዋለሁ። የመቆሚያ ምልክቴም ሰዓት ብቻ አይደለም። ጨዋታውን ስከፍት «ዛሬ ይህች ከተማ ቤተ መጻሕፍቷን ስትጨርስ አቆማለሁ» ብዬ ወረቀት ላይ እጽፋለሁ። ሰዓት ሲደርስ ነገር ከመሐል ይቆረጣል፤ የተጻፈው ሥራ ሲያልቅ ግን ልብም አብሮ ያርፋል።

ኅዳር

ጌሙ ሳሎን ከወጣ ወዲህ እናቴ ከቡና ረከቦቷ ፊት ሆና ታየዋለች። መጀመሪያ ላይ ስጋቷን ደጋግማ ነገረችኝ። «ልጄ፣ ይህ ነገር ሱስ እንዳይሆንብህ። የሰው ልጅ ሲበላሽ ሰምቻለሁ።»

ይህን ስጋት አላጣጣልኩትም። የዓለም ጤና ድርጅት የጌም ሱስን በበሽታዎች መዘርዝሩ 11ኛ እትም ውስጥ አስገብቶታል፤ እትሙ በ2019 እ.ኤ.አ. ጸድቆ ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። መለኪያዎቹን ቁጭ ብዬ በአማርኛ ነገርኳት፦ ጨዋታውን መቆጣጠር አለመቻል፣ ከሌላ ኑሮ ሁሉ ማስቀደም፣ ጉዳት እያደረሰም መቀጠል፤ ይህም ቤተሰብን፣ ሥራን ወይም ትምህርትን እስኪያናጋ ድረስ፣ አብዛኛውን ጊዜ ቢያንስ ለ12 ወር ሲዘልቅ ነው። አንድ በአንድ እየጠየቀች ሰማችኝ። «እንግዲያው እኔ አይሃለሁ፤ ሥራህን ስትረሳ እነግርሃለሁ» አለች። ተስማማን። ካለማጋነን፣ ከዚህ የተሻለ ጠባቂ የለኝም። አሁን አሁን ዐርብ ማታ «ምኒልክ ዛሬ የት ደረሱ?» ብላ የምትጠይቀው እሷ ናት።

የደሴ ብርድ በዚህ ወር ሌላ ነው። ጎህ ሳይቀድ መውጣቱን ትቼዋለሁ፤ ጉሙ ሲወፍር መኪና ሰውን አያየውም፣ ብቻውን በጨለማ የሚሮጥ ሰውም ደኅንነቱ አይጠበቅም። ብርሃን በደንብ እስኪወጣ እጠብቃለሁ። በዚህ የተነሣ የሥራ ቀን ጠዋት ጠበበ፤ መፍትሔውን ኮምቦልቻ ላይ አገኘሁት። ማክሰኞና ሐሙስ ከሥራ ስወጣ፣ ወደ 11 ሰዓት ገደማ፣ ቱታ ቀይሬ እዚያው እሮጣለሁ።

ኮምቦልቻ ከፍታዋ 1,850 ሜትር አካባቢ ነው። ከደሴ በስድስት መቶ ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች፤ ሞቃት ናት፣ ሜዳዋም ሰፊ ነው። በባሕር ጠለል ካለው የአየር ግፊት አራት አምስተኛ ያህል እዚያ አለ። ልዩነቱ በመጀመሪያው ደቂቃ ይሰማል፤ ደሴ ላይ የሚያስለከልከኝ ፍጥነት ኮምቦልቻ ላይ ወሬ የሚያስወራ ይሆናል። የከባድ መኪና ጭስ ስላለ ዋናውን አስፋልት ትቼ ወደ ውስጥ የሚገባ የጠጠር መንገድ መርጫለሁ። ከዚህ የተማርኩት፣ ሁለቱን ከተሞች በአንድ ሰዓት መቁጠሪያ መለካት እንደማይገባ ነው። የኮምቦልቻን ፍጥነት ይዞ ደሴ ዳገት ላይ የሚሞክር ሰው ራሱን ይጎዳል። ስለዚህ ፍጥነት መመዝገቡን ትቼ የምጽፈው ደቂቃና ትንፋሽ ብቻ ነው።

ታኅሣሥ

ቅልጥሜ ታመመ። ከፊት ለፊት፣ አጥንቱን ተከትሎ፣ ስረግጥ የሚወጋ ሕመም ነው። ሐኪም አየው፤ ስብራት እንደሌለ፣ የድካም ሕመም መሆኑን ነግሮኝ እረፍት አዘዘልኝ።

መንስኤው ግልጽ ነው። ሳንባና ልብ ቶሎ ይለምዳሉ፤ አጥንትና ጅማት ግን ወራት ይፈልጋሉ። ትንፋሼ ስለተከፈተ እግሬም የደረሰ መሰለ፤ በዚያ ላይ የደሴ ቁልቁለት በአስፋልት አለ። ዳገት ደረትን ይፈትናል፣ ቅልጥምን የሚመታው ግን ቁልቁለት ነው። ከአሁን በኋላ ዳገቱን እሮጣለሁ፣ ቁልቁለቱን እራመዳለሁ። ለተራራ ከተማ ሰዎች ከምሰጠው ምክር ሁሉ ይህን አስቀድማለሁ።

ጫማዬም ሶሉ አልቆ ነበር። አዲስ ልገዛ ስል የእህቴ ልጅ «አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ አይደል ያሸነፈው?» አለኝ። እውነት ነው፤ በ1960 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ በባዶ እግሩ 2:15:16 ገብቷል። ነገር ግን ያ እግር በባዶው ለዓመታት የጠነከረ እግር ነው። ደግሞም በ1964 ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ ሮጦ 2:12:11 ገብቷል። ልጁ ይህን ሲሰማ አብሮኝ ጫማ ሊመርጥ ሄደ።

በእረፍቱ ወቅት ያሰጋኝ ጌሙ የጠዋቱን ቦታ እንዳይወርስ ነበር። ስለዚህ ሰዓቱን አለቀቅኩም። በሩጫዬ ሰዓት ተነሥቼ፣ ያንኑ ቱታ ለብሼ፣ ሕመም በማይሰማኝ ፍጥነት በእግሬ እሄዳለሁ። ከደረጃችን ጫፍ ላይ ቆሜ ተረከዜን ከፍ ዝቅ በማድረግ ባቴን አጠናክራለሁ። ማታ ደግሞ ጌሙ አንዱን ጨዋታ ጨርሶ ሌላውን እስኪያዘጋጅ ባለው ጊዜ ተነሥቼ ያንኑ ተረከዝ ማንሣት እሠራለሁ። ፊፋን ከተጫወተ ሰው የማይደበቀው ያ የመጠበቂያ ጊዜ ጥሩ ሥራ ተገኘለት። መቀመጡም ተቆራረጠ።

ጥር

ከጥምቀት በኋላ ወደ ሩጫ ተመለስኩ፤ እሑድ እሑድ ደግሞ ቦሩ ሜዳ እንሄዳለን። ከደሴ በስተሰሜን ያለ ሰፊ ሜዳ ነው። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1870 ዓ.ም. የሃይማኖት ጉባኤ ያደረጉበት ቦታ መሆኑን የወሎ ልጅ ሁሉ በትምህርት ቤት ተምሮታል። በዚያ ጉባኤ ማግስት በወሎ ሙስሊሞች ላይ የደረሰውን መከራም ቤተሰብ ለቤተሰብ ሲያወራው ሰምተን አድገናል። ዛሬ እዚያ መሬት ላይ የእኛ ቤት ሁለት እምነት አብሮ ይሮጣል፤ እኔ ክርስቲያን፣ የእህቴ ልጅ ሙስሊም። ወሎ ውስጥ ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ እኔ ግን እዚያ ሜዳ ላይ ስሆን ትዝ ሳይለኝ አይቀርም።

ልጁ አብሮኝ መምጣት የጀመረው ጫማ ከመረጥን በኋላ ነው። እንደ ልጅ ሁሉ ሲነሣ በሙሉ ኃይሉ ይሮጥና ጥቂት ሄዶ ይቆማል። ቀስ በል ብለው አልገባውም። ከዚያ በፊፋ ቋንቋ ነገርኩት። በጌሙ ውስጥ ከተጫዋቹ ስም ሥር የጉልበት መስመር አለ፤ የፍጥነት ቁልፉን ተጭነህ ከያዝክ መስመሩ ያጥራል፤ በ80ኛው ደቂቃ ያ ተጫዋች ኳስ ጋ አይደርስም። «ታዲያ አንተ ከአሁኑ ለምን ቁልፉን ትጫናለህ?» አልኩት። ቆም ብሎ አሰበና «ገባኝ» አለ። ከዚያ ወዲያ አጠገቤ ሆኖ፣ እያወራ፣ ሜዳውን በሶምሶማ ዞረው። ጌም ለሩጫ አስተማሪ ሲሆን ያየሁት በዚህ ነው።

ስንመለስ ፍጥነትን በቁጥር አሰላልን። ቀነኒሳ በቀለ በ2005 እ.ኤ.አ. ብራሰልስ ላይ 10,000 ሜትርን በ26:17.53 ሲጨርስ እያንዳንዱ ኪሎ ሜትር 2 ደቂቃ ከ38 ሰከንድ ያህል ወስዶበታል። ልጁ በዚያ ፍጥነት መቶ ሜትር ልሞክር ብሎ ሞከረ፤ ወደ 16 ሰከንድ ማለት ነው። መቶውን ሮጠው። «ይህን መቶ ጊዜ?» ብሎ ሜዳው ላይ ተቀመጠ፤ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። የአገሩን ሯጮች ታላቅነት ከዚህ በላይ በምን እነግረዋለሁ?

5 ኪሎ ሜትርን ሳላቋርጥ የጨረስኩትም እዚሁ ሜዳ ላይ ነው። ሐጂ እንኳን ቢያገኙኝ ሙሉውን ሰላምታ እመልስ ነበር።

የካቲት

ዘንድሮ ረመዳንና ሁዳዴ ተገናኝተዋል። እናቴ፣ እህቴና ልጁ ረመዳንን፣ እኔ ሁዳዴን እንጾማለን። አሠራሩ ሁሉ ከሥሩ ተለወጠ።

የእኔ ቀላሉ ነው። እስከ 9 ሰዓት ስለምጾም የጠዋቱን ሩጫ ትቼ፣ ቢሮ ውስጥ ሽሮ ወይም ምስር በልቼ የኮምቦልቻውን የ11 ሰዓት ሩጫ ብቻ ይዣለሁ። ልጁ ውኃም ስለማይጠጣ ለእርሱ መጠንቀቅ ይገባል። ሩጫ አይደለም ያልኩት፤ ከመግሪብ በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት የእግር መንገድ፣ ሲበዛ ቀላል ሶምሶማ ነው፤ ወዲያው ቤት ገብቶ በተምርና በውኃ እንዲያፈጥር። ከዚያ በላይ ከፈለገ ከበላ በኋላ፣ ሆዱ ሲረጋ።

ዋናው ፈተና ግን የሩጫ ሰዓት አልሆነም። በረመዳን ቤቱ አይተኛም። ከተራዊሕ በኋላ ሻይ አለ፣ ጨዋታ አለ፣ ዘመድ ይመጣል፤ እስከ ሱሑር ድረስ መቀመጥ ይቻላል። ጆይስቲኩ በእጅ ነው። እዚህ ላይ ነው ወራት ሙሉ ስፈልገው የነበረው ነገር የታየኝ። ሩጫና ጌም እርስ በርስ አይጣሉም። ሁለቱም የሚበደሩት ከአንድ ቦታ ነው፤ ከእንቅልፍ። አዋቂ ሰው ቢያንስ 7 ሰዓት መተኛት አለበት፤ ታዳጊ ልጅ ከዚያም በላይ። እንቅልፍ ሲጎድል ጠዋት እግር ይከብዳል፣ ማታ ደግሞ ውሳኔ ይዳከማልና «አንድ ተራ ብቻ» ይበረታል። ጌም ሩጫዬን የጎዳው ሲመስለኝ የነበረ ጊዜ ሁሉ ወደኋላ ተመልሼ ማስታወሻዬን ሳነብ፣ በዚያ ሳምንት የተኛሁት ጥቂት ነበር።

ስለዚህ የጌም ደቂቃ ላይ የነበረኝን ገደብ ሁሉ አንሥቼ አንድ ብቻ አስቀርቻለሁ፦ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ጆይስቲኩ ይቀመጣል። ልጁም ለሱሑር እስኪነሣ ይተኛል። እህቴ ይህን ስትሰማ «እኔ ስለው የነበረውን ከአንተ ሲሰማ ይሻላል» አለች።

መጋቢት

የበልጉ ዝናብ ገብቷል። ወሎ በልግ የሚዘራበት አገር ስለሆነ ዝናቡ ለገበሬው ደስታ ነው፤ ቦሩ ሜዳ ግን ጭቃ ሆኗል። ለጊዜው እሑድ የምንሮጠው ደሴ ውስጥ በአስፋልት ዳገት ላይ ነው፤ ሽቅብ ሶምሶማ፣ ቁልቁል እርምጃ። ቅልጥሜ ደኅና ነው።

ሳምንቱ አሁን ይህን ይመስላል። ማክሰኞና ሐሙስ ኮምቦልቻ፣ እሑድ ደሴ። የሥራ ቀን ምሽት ሁለት የፊፋ ጨዋታ፣ ዐርብና ቅዳሜ ሲቪላይዜሽን፣ ሁሉም እስከ 4 ሰዓት። ሮጬ የመጣሁበት ቀን ማታ ጌሙ ራሱ ይጣፍጠኛል፤ ሰውነቴ ደክሞ፣ ራሴ ግን ጥርት ብሎ ስለምቀመጥ ነው መሰለኝ፣ እግር ኳሱን በተሻለ ትዕግሥት እጫወታለሁ። ይህን ማንም አልነገረኝም ነበር።

የምመረቅበት አንድ ሥራ ይቀረኛል። ጾሙ ሲፈታ ሐይቅ ሄደን ልንሮጥ ነው። ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከደሴ ዝቅ ያለ ስለሆነ ትንፋሽ አያስቸግርም፣ ከከተማው ወደ እስጢፋኖስ ገዳም የሚወስደው መንገድም ውኃውን እያሳየ ይሄዳል። ልጁ ርቀቱን በስልክ ካርታ ለክቶ ደብተሩ ላይ ጽፏል፤ እህቴ ምሳ ይዛ በሚኒባስ ልትከተለን ተስማምታለች። ከሩጫው ዋዜማ ጋር እንዳይጋጭም የዚያን ቅዳሜ ማታ ሲቪላይዜሽን ትቼ የዐርቡን ብቻ አስቀርቻለሁ፤ ወረቀቱ ላይ የጻፍኩት ሥራ አክሱም ላይ ዩኒቨርሲቲ ማስጨረስ ነው።